ጎመኑና ባቄላው

የቄራው ፍሳሽ ተክል ይገድል እንደሆነ እንድታጣራ የታዘዘችው መርማሪ፣ መልሱን ከሙከራው በፊት ታውቀው ነበር። ከቄራው በታች ያለውን ሰፈር በሙሉ ሆዱን ይቆርጠዋል። ላቦራቶሪው እዚያው ሰፈር ጫፍ ላይ ስለሆነ ኃላፊው ራሱ ስብሰባ የሚመራው ሆዱን ይዞ ነው። እዚያው ሰፈር የምትኖረው እናቷ ከታመመች ደግሞ ሁለት ወር አልፏታል፤ ባበጠሯት ቁጥር ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ሐኪሙ «የምትበላውን ጠብቁላት» ከማለት ሌላ የጨመረው ነገር የለም።

መርማሪዋ ጠበቀችላት። ፍሳሹ በሚወርድበት ቦይ ዳር የበቀለ ጎመን ቤት እንዳይገባ ከለከለች። በየማለዳው ከላቦራቶሪው ቧንቧ ውሃ ቀድታ፣ አፍልታና አጣርታ፣ ሁለት ሊትር እናታቸውን ለምታስታምመው እህቷ ትልክላታለች።

«በደንብ ጠጪ እማዬ፤ መርዙን አጥቦ ያወጣልሻል» ትላታለች በስልክ።

እናትየው ውሃ አትወድም። ለልጇ ስትል ግን ትጠጣለች።

ሙከራው ቀላል ነው። አሥር የመስታወት ሳህን፣ በየሳህኑ እርጥብ ወረቀት ላይ ሃያ የጎመን ዘር። አምስቱ የቄራውን ፍሳሽ ይጠጣሉ፤ አምስቱ ለማነጻጸሪያ ንጹህ የቧንቧ ውሃ። የትኛው የቱ እንደሆነ ክዳኑ ላይ ይጻፋል።

በአምስተኛው ቀን ቁም ሳጥኑን ስትከፍት «ፍሳሽ» የሚሉት ሳህኖች ለምልመዋል። «ንጹህ» የሚሉት ውስጥ ያለው ዘር በስብሷል።

ሳቀች። አንድ ሰው ክዳን ቀያይሮባታል።

ማን እንደሆነም ለማወቅ ሩቅ አልሄደችም። የጽዳት ሠራተኛው ወንድም ቄራው ውስጥ አራጅ ነው። ሰውየውን መሥሪያ ቤቱ «ድመቴ» ይለዋል፤ ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። የክፍሉ ሁሉ ቁልፍ አለው። ቄራው ቢዘጋ የወንድሙ ስድስት ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ።

«ጋሼ፣ ሳህኖቹን ነክተዋል?»

«እኔ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ታዲያ ክዳኑ በራሱ ተራመደ?»

«እኔ የምጠርገው ወለል ነው፣ የኔ ልጅ። ቁም ሳጥን ውስጥ ወለል የለም።»

ኃላፊው አልቸኮለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አላት። «እጅ ከፍንጅ ያዢው፤ የዚያኑ ቀን ይባረራል።»

ሁለተኛውን ሙከራ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ውጤቱ ያው ሆነ። ድመቴ ሌላ ቁልፍ አስቀርጿል ማለት ነው።

በዚህ መሃል እናቷ ከአልጋ መነሣት አቃታት። መርማሪዋ እናቷን እንዳታጣ ፈራች፤ ሽንት ቤት ገብታም አለቀሰች። ከዚያ ወጥታ ሁለቱን ሊትር ሦስት አደረገችው።

በሦስተኛው ዙር ዘዴ መጣላት። ክዳን ይቀየራል፣ ሳህንም ይቀየራል፤ ባቄላን ጎመን የሚያደርግ ድመት ግን ገና አልተፈጠረም። ጎመኑን በፍሳሹ ዘራች። ባቄላውን ለእናቷ አፍልታ ከላከችው ውሃ በተረፈው ዘራች። ክዳኑ ላይ ምንም አልጻፈችም። ኃላፊው የስንብት ደብዳቤውን አስቀድሞ ፈረመበት፤ የቀረው ቀኑን መሙላት ብቻ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ኃላፊውንና ድመቴን አቁማ ቁም ሳጥኑን ከፈተች።

ጎመኑ ክዳኑን ሊገፋ ደርሷል። ከባቄላው አንድ እንኳ የበቀለ የለም፤ ሁሉም ጠቁሯል።

ድመቴ አንገቱን አስግጎ አየ።

«እኔ አልነካሁም» አለ።

 የመርማሪዋ ስልክ ጠራ። እህቷ ናት፤ ከድምጿ ደስታዋ ያስታውቃል።

«እማዬ ዛሬ ጎበዘች እኮ! የላክሽላትን ውሃ አንድ ጠብታ ሳታስቀር ጨረሰችው፤ ጨምሪላት።»