እምቢ የማይባልበት ቤት

እናቴ የፒዛዋን ጠርዝ በቢላዋ ጫፍ ትፍቃለች።

«አሳርረውታል» ትለኛለች፣ አስተናጋጁ ሰምቶ እንዳይቀየማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምን ያስቸኩላቸዋል?»

«የናፖሊ ፒዛ እንደዚህ ነው እማዬ። እሳቱ ኃይለኛ ስለሆነ ጠርዙ ይጠቁራል።»

«ካወቁት ታዲያ እሳቱን አይቀንሱትም?»

ማሙሽ ይስቃል። ማሙሽ የምንለው የመጨረሻውን ወንድማችንን ነው፤ መላጣ አውጥቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶም ማሙሽ ነው። ምግብ ቤቱን የመረጠው እሱ ነው። ጋጋሪው ከጠረጴዛችን ፊት ለፊት ሊጡን በመዳፉ እየመታ ይዘረጋል፣ በረጅም አካፋ ምድጃው ውስጥ ይወረውረዋል፣ ወዲያው ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። እዚህ ፒዛ ተቆርጦ አይመጣም። ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ነው፣ መሀሉ እርጥብ፣ ቲማቲሙ ገና እየተንተከተከ፤ መቁረጡ የበላተኛው ፈንታ ነው። እናቴም ቆረጠች። ቆርጣ ግን ለእኛ ማደል ጀመረች፣ የየራሳችን ሙሉ ፒዛ ፊታችን ተቀምጦ።

«እማዬ፣ እኛም አለን እኮ!» ይላታል ታላቅ ወንድሜ።

«ዝም ብለህ ብላ! ከስተሃል።»

ከስቷል የተባለው ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ካልገፋ ሆዱ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል።

ከእናቴ ወንበር አጠገብ ሻንጣዋ ቆሟል። አከራይዋ ቤቱን ለሚያገባ ልጃቸው ፈልገውት ዛሬ ጠዋት ቁልፉን አስረክባለች። ልጆቼ ዘንድ ነው የምገባው ብላ አልጋዋን ሳይቀር ለሰው ሰጥታለች። እኔ ታላቄ እንደሚወስዳት አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ደውዬ «አንተ ዘንድ ትርፍ ክፍል አለ፣ እዚያ ይመቻታል» ስለው «እናያለን» ብሎኛል።

እኛ ቤት እምቢ አይባልም። ልጆች ሆነን እምቢ ያለ ልጅ ባለጌ ነበር፣ ስለዚህ ሦስታችንም እናያለን ማለትን ለመድን። እናያለን ያለውንም ሰው እሺ እንዳለ ቆጥረን ነገሩን እንተወዋለን። እስከ ዛሬ ችግር አልፈጠረብንም።

«እንግዲህ በጊዜ ብንነሳ ጥሩ ነው» ትላለች እናቴ እጇን እየጠረገች። «ልብሴን ቦታ ቦታ ላስይዝ። ከማናችሁ ጋር ነው የምሄደው?»

ማሙሽ ታላቄን ያያል። ታላቄ እኔን ያያል።

«አንቺ ዘንድ አይደለም እንዴ?» ይለኛል። «ሴት ለሴት ይሻላል ስልሽ እናያለን አላልሽኝም?»

«እኔ? እኔ'ኮ አንተ ዘንድ ነው ብዬ… ማሙሽ፣ አንተስ?»

«እኔማ ሁለታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት!»

ከዚያ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ እናወራለን። የታላቄ ሚስት እኅቷን ትርፍ ክፍሉ ውስጥ አስገብታለች። የማሙሽ ልጆች ሲያለቅሱ ነው የሚያድሩት፣ አሮጊት አያስተኙም። የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይችልም። አንዱም ውሸት አይደለም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከሦስታችን አንዱ «ይሁን፣ እኔ ዘንድ ትምጣ» ቢል ነገሩ ያልቃል። እኔ እንኳ አፌ ላይ ይመጣል። ግን ጠዋት ጠዋት ብቻዬን በጸጥታ የምጠጣው ሻይ ትዝ ይለኝና እውጠዋለሁ።

አስተናጋጁ ይመጣል። «እማማ፣ ምነው አልተመቸዎትም? ምንም አልበሉም'ኮ።»

«ጠግቤ ነው ልጄ። እጃችሁ ይባረክ።»

እሱ እስኪሄድ ትጠብቅና ወደ እኛ ዞራ ፈገግ ትላለች።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል? ለወጉ ያህል ጠየቅኋችሁ እንጂ የምሄድበትማ አለኝ። ያቺ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ አብረን እንኑር እያለች ስትለምነኝ ነው የከረመችው። እሷ ዘንድ ነው የምገባው።»

ልብስ ሰፊዋን ሦስታችንም እናውቃታለን። ከእናቴ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ስንት ዘመን ኖረዋል። አምና ልጇ መጥታ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደቻት። የስፌት መኪናዋን ተሸክመው የጫኑላት ታላቄና ማሙሽ ናቸው። እኔ ደግሞ የጭነት መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ የምታለቅሰውን እናቴን አቅፌ ቆሜያለሁ።

ታላቄ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። አሁን ይናገራል ብዬ እጠብቃለሁ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» ይላል።

«እንዲያውም ይሻላል» ይላል ማሙሽ፣ ሳህኑን እያየ። «ከእኩያዋ ጋር ትጫወታለች።»

እናቴ እኔን ታየኛለች። ለረጅም ጊዜ እኔን ብቻ ታየኛለች።

«ሰላም በይልኝ» እላታለሁ።

ከአፌ እንደወጣ ፊቴ በሀፍረት ይግላል።

«እሺ፣ እላታለሁ» ትላለች።

ታላቄ በመኪና ላድርስሽ ሲላት ቅርብ ነው፣ ፒዛችሁ ይቀዘቅዛል ብላ እምቢ ትላለች። እምቢ ስትል የሰማኋት ዛሬ ገና ነው። ሦስታችንንም ጉንጫችንን ትስማለች፣ ሻንጣዋን ትጎትታለች፣ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል።

በመስታወቱ በኩል ትታየናለች። የእግረኛው መንገድ ላይ ቆማ ወደ ቀኝ ታያለች፣ ወደ ግራ ታያለች፣ እንደገና ወደ ቀኝ። እያየናት እንደሆነ ታውቃለች መሰለኝ፣ ዞር አትልም። በመጨረሻ አንዱን ትመርጥና፣ የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ትሄዳለች።