ሣሩ ላይ የወጣው ቤት

በዚያ በጋ በስዊድን ገጠር ለሰባት ሳምንት ዝናብ ጠብ አላለም። በመስኩ ላይ፣ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ያለበት ሣር ከሌላው ቀድሞ ቢጫ ሆነና፣ ቱሪድ ሳትወለድ የተቃጠለው የወላጆቿ ቤት በሩ ሳይቀር በቢጫ መስመር ተስሎ ወጣ። ሽማግሌው ወንድሟ ኢቫር በበሩ በኩል ገባ። ግድግዳ ያለ ይመስል ቢጫውን መስመር አልረገጠም።

"የኔ አልጋ እዚህ ነበር" አላት። "የሲግኔ እዚያ።"

ሲግኔ በእሳቱ የሞተችው እህታቸው ናት። ቱሪድ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው፣ ክፍሏ ሩቅ ስለነበር ኢቫር ሊደርስላት እንዳልቻለ ነው። ከአልጋው ቦታ እስከ ሲግኔ ቦታ በዓይኗ ለካች።

"ወንድሜ፣ ሩቅ ነው ትል አልነበር እንዴ?"

"ሩቅ ነው በል ያለችኝ እማዬ ናት" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ከራሱ አልጋ ቦታ ወደ ሲግኔ አልጋ ቦታ መራመድ ጀመረ። በአራተኛው እርምጃ ቆመ፤ ደርሶ ነበር።