ተመለሱ

ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ በእርሻ ቢሮው ጉዳይ የሚሰማው በአማርኛ ብቻ ስለነበር፣ ሀብተጽዮን በሹሙና በባለጉዳዮቹ መካከል ቆሞ ሲያስተረጉም ይውል ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁ ሰልሏል። ፊቱ የቆሙት አደይ ለተየሱስ ጉድጓዳቸው ደርቆባቸው ለቲማቲም እርሻቸው የውሃ ሞተር ድጎማ የጠየቁ ባልቴት ነበሩ።

«ድጎማው ለትልልቅ እርሻዎች ነው። ለእሷ አይሰጥም፤ አትመላለስ በላት» አለ ሹሙ ቀና ሳይል።

ሀብተጽዮን እንደ ልማዱ አለሰለሰው። «አደይ፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሱ ብለዋል» አላቸው በትግርኛ።

ባልቴቷ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ በሩ አመሩ። በሩ ድረስ ሲሸኛቸው ክንዱን ያዙት። «የጠየቀኝ የለም እንጂ ጎንደር ነው ያደግሁት» አሉ በጠራ አማርኛ። «ተመለሱ አላለም፣ ልጄ። እስከ ዛሬ ውጭ እያስቆምክ መልሱን ስታመጣልኝ አምኜህ ላሞቼን ሸጬ ሞተሩን ሳልገዛ ከረምኩ። አሁን ከስተዋል፤ ማን ይገዛቸዋል?»

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸው ነበር። ደረጃውን ግድግዳ እየደገፉ ሲወርዱ ሀብተጽዮን ቆሞ አያቸው።

ቀጥለው አንድ ሽማግሌ ገቡ። ሹሙ ያንኑ ደገመው። ሀብተጽዮን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቦይ፣ አይሰጡዎትም» አላቸው። «ሳይመሽብዎት ሌላ መላ ይፈልጉ።»