ለጎሽም ለአጋዘንም

አብዱልመጂድ ሁለቱን ጠመንጃዎች ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ መሀላቸው ተቀምጧል። ከበታቻችን የሮቢት ወንዝ በአሸዋው መሀል ቀጥኖ ይወርዳል።

«ምረጥ እንጂ» ይለኛል በሹክሹክታ። «ተኳሹ አንተ ነህ። በድሩ ማታ ግመሉን ጭኖ ሊሄድ ነው።»

በድሩ ነጋዴ ነው፤ ጠመንጃዎቹን በጨው ጭነት ውስጥ ደብቆ ያመጣቸው እሱ ነው። የዓመት ማራችንን ወስዶ «አንዱን ያዙ፣ አንዱን መልሱ» ብሎናል። ጣልያን መሣሪያችንን ለቅሞ ከወሰደ ወዲህ አደናችን በወጥመድ ነበር፤ እሱም አደን ከተባለ። አሁን ለሁለታችን አንድ ጠመንጃ፣ ለአውሬውም ሁሉ ያው አንድ ጠመንጃ።

የኔ ልብ ውጅግራው ላይ ነው። አፈ ሙዙ ትንሿን ጣቴን ይውጣል። ትናንት ማሽላ በሚያወድም ከርከሮ ላይ ሞክረነው ባለበት ዘረረው። ከርከሮ እኔም አልበላ፣ እሱም አይበላ፤ ስለዚህ ማንም አላዘነም። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ጥይት ጎሽ ይወድቃል። አባቴ ወደ አዋሽ ወርዶ ጎሽ ገድሎ ነበር። በቀንዱ ዋንጫ አሠርቶ፣ እስኪሞት ድረስ ጠላውን በሱ ጠጣ። ጣልያን ቤታችንን ሲያቃጥል ዋንጫውም አብሮ ነደደ። እኔ ዘውዴ፣ የሱ ልጅ፣ ከድኩላ በላይ ጥዬ አላውቅም።

«ትናንት የውጅግራውን ጭስ አላየኸውም?» ይላል አብዱልመጂድ። «ወላሂ፣ ከሰል የምናከስል ነው የምንመስለው። ድምፁን ድማሚቱ ይሸፍንልናል፤ ጭሱን ማን ይሸፍንልናል?»

እውነቱን ነው። ጣልያን መንገድ ለማውጣት በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ገደሉን ያፈነዳል። መጀመሪያ ፊሽካ ይነፋል፣ ሠራተኛው ይሸሻል፣ ከዚያ ተራራው ይጮኻል። እኛም የምንተኩሰው ያኔ ነው። አውሬዎቹ እንኳ ለምደውታል፤ ጆሯቸውን ቀስረው መልሰው ውኃቸውን ይጠጣሉ።

ሌላው ጠመንጃ፣ ምንሽሩ፣ ጭስ የለውም። ጥይቱንም የጣልያን ባንዳዎች ራሳቸው በማር ይለውጡናል። ግን ቀጭን ነው።

«ይኼን ጎሽ ከዝንብ አይቆጥረውም» እለዋለሁ።

«አንተ ጎሽ አይተህ ታውቃለህ?»

«አንተስ?»

ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቃችንን እናፍናለን። ይኼኔ አንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ይወጣል። ወንድ ነው፤ ቀንዶቹ እየተጠማዘዙ ሽቅብ ወጥተዋል።

የአብዱልመጂድ ሳቅ ይጠፋል። ልጁ መሊካ ከወለደች ሳምንቷ ነው፤ ብዙ ደም ፈስሷት ከመደብ አልተነሣችም። ከብቱን ጣልያን ለስንቅ ነድቶታል፤ ለአራሷ የሚታረድ ዶሮ እንኳ የለም። ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው። እሱ ያረደውን እኔ አልበላም፣ እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላም። ስለዚህ ደንብ አለን፤ በጾሜ ቀን የወደቀው የሱ፣ በፍስኩ የወደቀው የኔ። «ረመዳንስ?» ስለው፣ «እኛ ማታ እንበላለን፣ አትልፋ» ይለኛል። ቢላ ሳይደርስበት ነፍሱ ከወጣ ግን ለሁለታችንም በክት ነው። ጅብ ይበላዋል እንጂ አራስ አትበላውም።

ፊሽካው ይነፋል።

አብዱልመጂድ ቢላውን መዝዞ ያደፍጣል። የትኛውን እንዳነሣ አይነግረኝም፤ አያየኝምም። እጄ ውጅግራው ላይ ነው። በሱ ብመታው አይሮጥም፤ እንደ ትናንቱ ከርከሮ እዚያው ያልቃል እንጂ። በምንሽሩ ብመታው ደግሞ ይሮጥብኝ ይሆናል። ምንሽሩን አነሣለሁ፣ ወርቹ ላይ አነጣጥራለሁ፤ ተራራው ሲጮኽ ቃታውን እስባለሁ።

አጋዘኑ በፊት እግሮቹ ይንበረከካል፤ ሊነሣ ይታገላል። አብዱልመጂድ በዚያ ዕድሜው አሸዋውን እየዘለለ ይደርስበታል። ቀንዱን ይዞ ወደ ቂብላ ሲያዞረው ገና ይተነፍሳል።

«ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር!»

ድምፁ ከፍንዳታው በኋላ ባለው ጸጥታ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ደስ ይለኛል። በሚካኤል፣ የገዛ ልጄ አራስ የሆነች ያህል ደስ ይለኛል።

ወደሱ ስወርድ ውጅግራውን ለበድሩ እንዲመለስ በጆንያ ጠቅልዬዋለሁ። ጆንያውን ያየዋል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል።

«ዘውዴ፣ ጎሹስ?»

«ጎሽ ይቆያል። አራስ አትቆይም።»

ዓይኑን በክንዱ ይጠርግና መጥረቢያውን አንሥቶ ከሁሉ በፊት ቀንዶቹን መቁረጥ ይጀምራል።

«ሳይገፈፍ ቀንድ ምን ያደርግልሃል?» እለዋለሁ።

«ለኔ ምንም። ያንተ ነው። ቀንድ ጾም የለበትም።»

አንደኛውን ተቀብዬ በእጄ እመዝነዋለሁ። ዋንጫ ይወጣዋል። ጠምዛዛ ስለሆነ ጠላው ቶሎ አይወርድበትም። ግዴለም፣ ቀስ ብዬ እጠጣበታለሁ።