የእታለም ካፖርት

«እስቲ የሸሸግሽውን አሳዪኝ ነጋዴዋ» ይላል የእህቴ ባል፣ የሱቄን ጓዳ መጋረጃ እየገለጠ። «ደህና ደህናውን ደብቀሽ ለእኛ ቡትቶ ነው የምትደረድሪው?»

ገልጦታል።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ መስቀያ አለ። ግራጫ የሱፍ ካፖርት፣ ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ወገቡ ከፍ ያለ ቡናማ ሱሪ። ሁሉም ሰልባጅ ነው። ሁሉም ላይ «ተይዟል» የሚል ወረቀት አንጠልጥዬበታለሁ።

የያዘችው ሚስቱ ናት፣ እህቴ እታለም። እሱ አያውቅም።

እታለም ቦንዳ ሲፈታ ላግዛት እያለች እየመጣች፣ እየለካች የመረጠችው ነው። ብርዱ ሲገባ ሩቅ ከተማ ሥራ ትጀምራለች። ከቤት ሻንጣ ይዛ መውጣት የለም። ቁም ሳጥኑን የሚቆልፈው እሱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የምትለብሰውን የሚያወጣላትም እሱ። ስለዚህ ሰኞ እሱ ባወጣላት ቀሚስ ትመጣለች፣ እዚህ ቀይራ በዚያው ትሄዳለች።

መጀመሪያ «ያገኘሽውን ልበሺና ጥፊ» ብያት ነበር። ትዕግስት የለኝም።

«ሂጂ ወዲያ! የሸሸች ሴት አልመስልም» አለችኝ። «ሥራ የምትገባ ሴት ነው የምመስለው።» ከዚያ ለካፖርቱ የሚሄድ ሹራብ እስኪገኝ ስንት ቦንዳ አስፈታችኝ። ዓይን አላት። ቤቷ ውስጥ የሚያውቅላት የለም እንጂ።

«የማን ነው ይሄ?» ይላል።

«የደንበኛ። ተይዟል።»

«ሴትዮዋ ታውቅበታለች!» ሹራቡን ከካፖርቱ ጋር አስተያይቶ ራሱን ይነቀንቃል። «አየሽ፣ መልበስ ማለት እንዲህ ነው። እህትሽን እኮ ምን ባለብሳት የሰቀሉት ነው የሚመስልባት።»

መጋረጃውን መልሼ ልስበው እሞክራለሁ።

«ሰሞኑን ደግሞ ፊቷ ጨልሟል» ይላል። «ብርዱም መጣ። ካፖርት ልግዛላት ብዬ ነው የመጣሁት። ይሄንን ስጪኝ።»

«ጋሼ፣ ተይዟል አልኩህ እኮ።»

«ለእህትሽ ነው እኮ! ከባዳ አሳንሰሻት ነው?»

«ያ ጥቁሩ ይሻላታል። ገበሩን እየው፣ አዲስ ነው።»

«ጥቁር? ማን ሞተብን?» ብሎ ይስቃል።

ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፣ ሰው ይወደዋል። እናታችን እስክትሞት «ወንድ ልጅ ባልወልድም እሱን ሰጥቶኛል» ስትል ነው የኖረችው።

ካፖርቱን አውርዶ በትከሻው ይዞ ፊት ለፊቱ ያቆመዋል፣ ሰው ውስጡ እንዳለ። «ልኳ ነው። ለእሷ የተሰፋ ነው የሚመስለው!»

«ካፖርት ለማንም ይሆናል።»

ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሞ ማጠፍ ይጀምራል። እኔ ላጥፈው ብል አይሰማም፣ የሰው እጥፋት አይወድም። እጅጌዎቹን ደረቱ ላይ አምጥቶ ጫፍ ለጫፍ ያገናኛል። አይገናኙም። የግራው ያጥራል።

ሳብ ያደርገዋል። አሁንም ያጥራል።

ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። አምና «ከደረጃ ወደቀች» ተብሎ እታለም ግራ ክንዷን ተሰበረች፣ ሲገጥም አጥሮ ገጠመ። ካፖርቱን ስትለካ የግራው እጅጌ ጣቶቿን ዋጠ። መርፌዬን አነሳሁና በክንዷ ልክ ሰፋሁት። እንዲያምርባት። ሌላ ምንም አልታየኝም።

ጣቱ ስፌቴን ይዳስሳል። ከዚያ አንገቱን አዙሮ መስቀያውን ያያል። ሹራቡን። ሸሚዞቹን። ሱሪውን። አሁን ሴትዮዋን እያየ ነው፣ ሚስቱን።

«መቼ ነው የምትወስደው?» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የካፖርቱን ጫፍ እይዛለሁ።

«ስለ ደንበኛሽ ነው የምጠይቅሽ ነጋዴዋ። መቼ ነው የምትመጣው?»

«አንተ ምን አገባህ?»

«ተይው በቃ። እኔው አደርስላታለሁ።»

ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ በሩ ይራመዳል። አይቸኩልም። ለምን ይቸኩላል? ቤት ናት፣ ብቻዋን። ብደውልላት ስልኳ እሱ ኪስ ውስጥ ነው የሚጮኸው። በእግሬ ብሮጥ በመኪና ይቀድመኛል።

«ጋሼ!»

ይዞራል።

«እኔም እመጣለሁ።»

«የት?»

«እናንተ ቤት። ስትለካው ልያት።»

«ሱቁስ?»

«ይዘጋል።»

ሊከለክለኝ አፉን ሲከፍት በሩ ላይ ደርሰናል። ደጁ ላይ ጎረቤቶቼ፣ ጫማ ሻጯና ባሏ፣ ተቀምጠው ያዩናል። ሰው ፊት ጨዋ ነው፣ ሁሌም። «እሺ ግቢ ታዲያ፣ እህቴ!» ይላል ጮክ ብሎ፣ የመኪናውን በር እየከፈተልኝ። ጫማ ሻጯ «ወይ መታደል! እንዲህ ያለ አማች ለሁሉም ይስጥ» ትላለች።

«አንዴ» እለዋለሁ።

ተመልሼ ሹራቡን፣ ሸሚዞቹን፣ ሱሪውን ከነወረቀታቸው ከረጢት ውስጥ እጠቀጥቃለሁ። ሰኞ የሚባል የለም። ዛሬ ከእኔ ጋር ትወጣለች፣ እሱ እያየ። ጫማ ላይ ገና አልተስማማንም ነበር፣ ባለ ታኮው ካልሆነ ብላ ስትሟገተኝ ከረመች። ዝርጉን ቦት አነሳለሁ።

ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። በመስታወቱ ያየኛል፣ አላየውም። ቦቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ማሰሪያውን እስከ ታች አላላዋለሁ፣ እግሯ ቶሎ እንዲገባ።