የሦስተኛው ፎቅ ማስታወሻ

ዘጠና ስድስት ተማሪ። አሥራ ሁለት የፎቅ ተቆጣጣሪ። አንድ የሚሠራ ሊፍት።

ጥሩነህ የዚህ ሁሉ አለቃ ነው። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይላል። በተግባር ግን የጠፋ ቁልፍ ይፈልጋል፣ አንሶላ ይቆጥራል፣ የዘገየ አውቶቡስ ላይ በስልክ ይጮኻል። ኦገስት 1998 ነው፤ ቶሮንቶ በሙቀት ትነድዳለች። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ዶርሙ ለሃይስኩል ልጆች ይከፈታል። ሦስት ሳምንት ሳይንስ። ሦስት ሳምንት አንሶላ።

የሦስተኛው ፎቅ ተቆጣጣሪ ኬረን ትባላለች። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሳይኮሎጂ ታጠናለች፣ ማስታወሻ ትጽፋለች። በአንድ ሳምንት አሥራ አራት። አምፖል ተቃጥሏል። ኮሪደሩ ኑድል ኑድል ይሸታል። 308 ያለችው ልጅ ሻወር ውስጥ ትዘፍናለች። ጥሩነህ እያነበበ ፋይል ውስጥ ይከታል። አምፖሉ የተቃጠለው ማክሰኞ ነበር፤ እሷ ሰኞ ብላ ጽፋለች።

አሥራ አምስተኛው ማስታወሻ አጭር ነበር።

«እየሩሳሌም፣ ክፍል 312። አትበላም። ከመጣች ማግስት ጀምሮ ነው። ታማለች ብዬ እሰጋለሁ።»

ስሙን ሲያይ ቀና አለ። ያውቃታል። ከድሆቹ ሰፈር ከሪጀንት ፓርክ የመጣች፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት፣ ፈተና አልፋ በነጻ የገባች የሐበሻ ልጅ። ሕጉንም ያውቃል። ጤናው ያጠራጠረ ተማሪ ለፕሮግራሙ ዳይሬክተር ሪፖርት ይደረጋል፣ በማግስቱ ቤቱ ይላካል። ክሬዲት የለም። ለዩኒቨርሲቲ የሚጻፍለት ደብዳቤም የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ካፍቴሪያ ወረደ። መስኮቱ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣለች። ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ ኤርኮንዲሽኑ እሱንም ያንቀጠቅጠዋል። ፊት ለፊቷ ውኃ ብቻ አለ።

«እንደምን ነሽ የኔ ልጅ?»

«ፋይን።»

«ምነው ታዲያ አትበዪም?»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዞረችው። ጥሩነህ ቀኑን በሆዱ አሰላ። ኦገስት አሥር። ከዚያ በራሱ ሳቀ።

«ፍልሰታ ነው እንዴ?»

ልጅቷ ለአፍታ ትክ ብላ አየችው።

«የስ» አለች። «እሱ ነው።»

«እኔን ይድፋኝ! እኔ ሽማግሌው ሃምበርገሬን ስገምጥ! ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አይገባቸውማ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። አይገባቸውም።»

ጥሩነህ ጾም ከተወ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሱዳን ሲገባ የተገኘውን በላ፤ በዚያው ቀረ። ይቺ እዚህ የተወለደች ልጅ ግን፣ አንገቷ ላይ ማተብ እንኳ የሌላት፣ በፒዛና በአይስክሬም መካከል ተቀምጣ ጾሟን ይዛለች። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እግሩ እንደ ወትሮው አልከበደውም።

ወጥ ቤት ገብቶ ለአብሳዩ ሁለት ጊዜ አስረዳ። ሩዝና አትክልት በዘይት። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እየሩሳሌም ሳህኑን ተቀብላ ወደ ክፍሏ ትወጣለች፣ ባዶውን ትመልሳለች።

«ጨረስሽ?»

«ሁሉንም፣ ጋሽ ጥሩነህ።»

«ጎሽ! እኔ በአንቺ ዕድሜ ጾም ሲፈታ ነበር ከሁሉ ቀድሜ የምደርሰው።»

ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በእጅጌዋ ትሸፍናለች።

ረቡዕ ኬረን ቢሮው መጣች። ስሙ ስለሚከብዳት «ቲ» ነው የምትለው።

«ቲ፣ ደረጃው ላይ ግድግዳ ይዛ ቆማ አየኋት።»

«ትጾማለች። ሃይማኖቷ ነው።»

«ጾሙ መቼ ገባ?»

«ዓርብ።»

«እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ ነው የጻፍኩት።»

«አምፖሉንም ሰኞ ብለሽ ነበር የጻፍሽው።»

ኬረን ፊቷ ቀላ። ከበሩ ግን አልሄደችም።

«ቢያንስ ለእናቷ ደውልላት።»

«እናቷ ሐበሻ ናት። ስለ ጾም እኔ ላስተምራት ነው? ኬረን፣ ይቺ ልጅ በአንቺ ወረቀት ምክንያት ቤቷ ብትላክ ምን እንደምታጣ ታውቂያለሽ?»

«እኔ የማላውቀው ለምን እንደማትበላ ነው» አለች።

በማግስቱ ኬረንን ወደ አንደኛ ፎቅ አዛወራት። ማስታወሻዋ ዳይሬክተሯ ጋ ሳይደርስ ፋይል ውስጥ ቀረ። የየቀኑ ፎርም ላይ «በልታለች» ከሚለው አጠገብ ራሱ ይፈርም ጀመር። ከዚያ ወዲያ ስለ 312 የጻፈ ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት ሃያ ሁለት፣ መዝጊያው ሆነ። ሻንጣ፣ አንሶላ፣ ቁልፍ፣ መኪናቸውን በር ላይ አቁመው የሚጨቃጨቁ አባቶች። ሁለት ቁልፍ አልተገኘም። ጥሩነህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተኛ ሰው ይመስላል። እየሩሳሌም ግን ሰርተፊኬቷንና ደብዳቤዋን ይዛ ሎቢው ውስጥ ቆማለች። ይህን ሲያይ ድካሙ ትንሽ ቀለለለት።

እናትየው ከስትሪትካር ባቡር ወርዳ እየሮጠች ገባች። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የጽዳት ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። ልጇን አቀፈቻት። ቶሎ አልለቀቀቻትም። እጇ በልጅቷ ጀርባ ላይ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ሄደ፣ ቆመ።

ጥሩነህ ፈጠን ብሎ ተጠጋ።

«እንኳን አደረሰዎት! ከሳች ብለው አይደንግጡ። አሥራ አምስቱንም ቀን ሳታጓድል ነው የጾመችው። እኔ ራሴ ነኝ ከእነዚህ ፈረንጆች የጠበቅኳት። እንዴት ያለች ልጅ አሳድገዋል!»

ልጅቷ ወለሉን አየች።

እናትየው እጇን ከልጇ ጀርባ ላይ ሳታነሳ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«የምን ጾም ነው ጋሼ? እኛኮ ጴንጤዎች ነን።»