ነጭ ቀለም የተቀባው ዓለት

ልጅቷ በሽቦ ብሩሽ ዓለቱን ትፈገፍግ ነበር፤ ንዴቷ ትንፋሽ አሳጥቷታል። ዓለቱ ሁለት ሰው ቢደራረብ ጫፉን የሚነካው፣ ከሰፈሩ ሰው በቀር ማንም የማያውቀው የጀማሪ መለማመጃ ነው። አባቷ እዚህ ሠላሳ ዓመት ዓለት መውጣት ሲያስተምር ለአንድም ሰው የእጅ መያዣ ጠቁሞ አያውቅም። "ራስህ ፈልግ" ነበር ቃሉ፤ ለእሷም፣ ተንጠልጥላ እያለቀሰች እንኳ፣ አልጠቆማትም። አሁን አንዱ ባለጌ መያዣዎቹን በሙሉ በነጭ ቀለም ለቅልቋቸዋል።

"እጁ ይቆረጥ!" አለች። "አባዬ፣ አንተ ደምህ አይፈላም?"

"ተይው በቃ" አለ አባቷ፣ መውጣት እየጀመረ።

"አልተወውም!"

እሱ አንዱን ነጭ ያዘ፤ ቀጥሎ ያለውንም ነጭ ያዘ። እሷ ፍቃ ያጸዳችው ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። መያዣው አፍንጫው ሥር ነበር፤ አላየውም። ጣቶቹ ባዶውን ድንጋይ ዳበሱ። ጥፍሮቹ ሥር የደረቀ ነጭ ቀለም አየች።

"ለምን አልነገርከኝም?" ብላ ጮኸችበት፤ ብሩሹን ወረወረችው። እሱ አሁንም ድንጋዩን ይዳብስ ነበር።

"ወደ ግራ" አለች ጥርሷን ነክሳ። "ትንሽ ከፍ አድርግ።"